በቀይ ያልተጻፈ ሰኞ

የሄድኩት ለሦስት ወር ነበር። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ ቢቸና ላይ «በስተርጅና ባሏን ጥላ ሄደች» መባሉን እኅቴ ስለ ነገረችኝ ነው። ጥዬው አልሄድኩም። ልጄ ማስተዋል ልትወልድ ስለ ሆነ ላርሳት ሄድኩ። የቀረውን እንደ ሆነው እጽፋለሁ። ልጅ ለማረስ ሩቅ አገር የምትሄዱ እናቶች ብታነቡት ይጠቅማችኋል።

የመነሻዬ ዋዜማ ማታ ቤታችን በሰው ተሞልቶ ነበር። እኅቴ ብርቄ ከሞጣ ማር ይዛ መጥታለች። የገንፎ ዱቄቱ፣ በሶው፣ ድርቆሹ፣ የተነጠረው ቅቤ አንድ ሻንጣ ሞላ። የእኔ ልብስ በሌላው ሻንጣ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ከጎረቤት ምክር የሌለው አልነበረም።

«ደሴት ነው አሉ፤ ማዕበል ቢነሣስ?» አሉ ከማዶ ያሉት አዛውንት።

«ሰዎቹስ ክርስቲያን ናቸው?» አለች አንዷ።

«ሁሉንም ናቸው» አልኩ፤ ማስተዋል በስልክ የነገረችኝን ነው።

«ሁሉንም የሆነ ምንም አይደለም።»

ብርቄ ሻንጣውን በጉልበቷ ተጭና እየዘጋች፣ «ተዉአት እባካችሁ። ዓባይን እንኳ ሦስት ጊዜ ያልተሻገረችን ሴት ስለ ውቅያኖስ ትጠይቋታላችሁ» አለች።

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከባለቤቴ ከተሻለ ጋር ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን ነበር። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከግንቡ ውጭ በምሥራቅ በኩል አንዲት ወይራ አለች። እዚያ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። የት ሄድሽ አላለኝም። ከአርባ ዓመት በላይ ጠይቆኝ አያውቅም።

ሲነጋጋ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ተሻለ በመስኮቱ በኩል «ስትወልድ ቀኑን ቁጠሪ» አለኝ። ሌላ ነገር አላለም። እኔም «እሺ» ብቻ አልኩ። አውቶቡሱ ደጀን ደርሶ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ሲያዘቀዝቅ፣ ሌላ ነገር ማለት ነበረብኝ ብዬ አሰብኩ።

ሦስት አውሮፕላን ለዋወጥኩ። ልጄ ያለችበት ደሴት፣ ትሪኒዳድ ስደርስ የአውሮፕላኑ በር ላይ የተቀበለኝ ሙቀት ከዓባይ ሸለቆ ሥር፣ ድልድዩ አጠገብ የሚሰማው ዓይነት ነው። የእኛው ግን ዳገቱን ሲወጡ ይለቃል፤ የዚህ አገሩ አይለቅም። ፓስፖርቴ ላይ የዘጠና ቀን ማኅተም መቱልኝና ወደ ጉምሩኩ አለፍኩ። አንድ ወጣት ሻንጣዬን ከፈተ።

«ይህ ዱቄት ምንድን ነው?»

«ገብስ።»

«ለምን?»

«ልጄ ልትወልድ ነው።»

ዱቄቱን አየ፤ እኔን አየ። «እዚህ አገር ሴቶች ያለ ገብስ ነው የሚወልዱት።»

«መውለዱንስ ይወልዱ ይሆናል» አልኩት፤ «ከአልጋው የሚነሡት በምንድን ነው?»

ከጎኑ ያለችው ሴት ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ቅቤውን ወሰደብኝ፤ ዱቄቱን ተወልኝ።

ማስተዋል ያገባችው አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ስትሠራ ያወቀችውን የዚህን አገር ሰው ነው። ኬልቪን ይባላል። ባሕር መካከል ነዳጅ ከሚያወጡት ጋር ይሠራል፤ ሁለት ሳምንት እዚያ ይቆያል፣ ሁለት ሳምንት እቤቱ ነው። የተከራዩት ከሚስ ሳቪ ነው፤ እሷ ምድር ቤት፣ እነሱ ፎቅ ላይ። የሚስ ሳቪ ቅድመ አያቶች ከህንድ በመርከብ የመጡ ናቸው፤ እምነቷም የነሱው የሂንዱ ነው። ግቢዋ ጥግ ላይ በቀርከሃ የተሰቀሉ ቀይና ቢጫ ባንዲራዎች አሉ። ቤቷ ጸሎት ባስደረገች ቁጥር አንድ ትጨምራለች። ከጸሎቱ በፊት ለቀናት ሥጋ አትቀምስም፤ ይህን ሳውቅ ትንሽ ቀረብኳት። በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት፤ ግን ሱሪ ትለብሳለች፣ ጮክ ብላም ትስቃለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ የምትጠራኝ «ሚስ ኢትዮፒያ» እያለች ነው። ማስተዋል የቁንጅና ውድድር ያሸነፍኩ አስመስላ ስትስቅብኝ፣ ሳምንት ሙሉ ስጠራ አልዞርም ነበር።

ልጅቱ በኅዳር ተክለ ሃይማኖት ዕለት ተወለደች። ገንፎውን አገነፋሁ፤ ቅቤው የሱቅ ነበር። መቁጠርም ጀመርኩ። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እንደምትነሣ ለእናንተ አልነግራችሁም።

የፈረንጅ ዓመት ሲለወጥ ሚስ ሳቪ ሱቅ የሰጣትን ካላንደር ወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ ሰቀለችልን። እንዲህ ያለ ካላንደር አይቼ አላውቅም። የሂንዱዎቹ የመብራት በዓል በቀይ ተጽፏል። ዒድ በቀይ ነው። የነሱ ስቅለት በቀይ ነው። ባሮቹ ነፃ የወጡበት ቀን፣ ህንዶቹ በመርከብ የደረሱበት ቀን፣ ሁሉም በቀይ ነው። ነጭ ለብሰው ደወል እየደወሉ የሚጸልዩ ባፕቲስቶች አሉ፤ ድሮ በሕግ ተከልክለው ነበር አሉ። የተፈቀደላቸው ቀን ለነሱም በቀይ ተጽፎላቸዋል። እኛም አገር ዒድ ሲሆን ጎረቤቶቻችንን እንኳን አደረሳችሁ እንላለን። እዚህ ግን እንኳን አደረሳችሁ ብሎ የሚቀር የለም፤ ሁሉም የሁሉንም ያከብራል፣ ሁሉም የሁሉንም ይበላል።

ሠላሳ ዓመት በወረዳ መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። በካላንደር አምናለሁ። ቀይ ከሆነ ዝግ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ሥራ አለ። በየቁጥሩ ጥግ የእኛን ቀን በእርሳስ ጻፍኩ፤ ሚካኤልን፣ ማርያምን፣ መድኃኔ ዓለምን፣ ባለ ወልድን። ሚስ ሳቪ አየችና «ካላንደሬን ምን እያደረግሽው ነው?» አለችኝ።

«እያስተካከልኩት ነው።»

ሰማንያዋ የካቲት አሥራ ሦስት፣ ሰኞ ላይ ዋለ። የዐቢይ ጾም መግቢያ ነው። ቁጥሩ ጥቁር ነበር። ደስ አለኝ። እኛ ዘንድ ያ ሰኞ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ በቅበላ ሥጋ የጠገበ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይውላል፣ ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። ሕፃን ይዞ ለመውጣት የሚመረጥ ቀን ነው።

በገና ዕለት የእኛው ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። እዚያም አለ። ቄሱ የአገሩ ተወላጅ ናቸው፤ ረጅም ናቸው፤ አማርኛ አያውቁም። ግእዙን ግን ተምረውታል። «እግዚኦ ተሣሃለነ» ሲሉ ዓይኔን ብጨፍን ደብረ ወርቅ ነኝ፤ ስገልጥ በመስኮቱ የኮኮናት ዛፍ አያለሁ። ከቅዳሴ በኋላ ቀኑን ነገርኳቸው።

«የካቲት አሥራ ሦስት» አልኩ።

ማስታወሻቸውን አውጥተው በግእዝ ቁጥር «የካቲት ፲፫» ብለው ጻፉ። እሳቸው የእኛን ቀን መጻፍ ደስ ይላቸዋል፤ እኔም ሲጽፉ ማየት ደስ አለኝ። ሁለታችንም ደስ ብሎን የፈረንጁን ሳናይ ቀረን።

ቀኑ ሊደርስ ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ሚስ ሳቪ ግቢ ውስጥ ጭቃ በበርሜል ስታማስል አየኋት። ጭቃው ተነፍቶ፣ ድንጋዩ ተለቅሞ ነበር።

«ቤት ልትለስኚ ነው?» አልኳት።

«ራሴን ልለስን ነው» አለች። «የሰኞው ጁቬ ነዋ።»

«ምን ሰኞ?»

«የካርኒቫል ሰኞ፤ ከሌሊቱ ጀምረን ጭቃ ተቀብተን መንገድ ላይ የምንጨፍርበት።»

በደረጃው ሮጬ ወጣሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ። ካላንደሩን ነቅዬ ወረድኩና አሳየኋት። «ሰኞ ጥቁር ነው። ማክሰኞም ጥቁር ነው።»

«በሕግ በዓል አይደሉማ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን? አገሩ ሁሉ መንገድ ላይ ነው። ከሌሊቱ ጀምሮ ከተማው በመኪና አይታለፍም። ይህን ካላንደር ላይ የሚጽፍ የለም፤ የማያውቅ ሰው የለማ።»

ቤተ ክርስቲያኑ ከከተማው ማዶ ነው።

ሐሙስ ዕለት የመቆያ ፈቃዴን ለማስጨመር ወደ ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄድኩ። የማኅተሙ ቀን የሚያልቀው ረቡዕ ነው፤ ትኬቴም የረቡዕ ማታ ነው። ከመስኮቱ ጀርባ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ያወረደች ሴት ተቀምጣለች።

«የሁለት ሳምንት ጭማሪ እፈልጋለሁ። የልጅ ልጄን ክርስትና ልናስነሣ ነው።»

«ረቡዕ ይምጡ።»

«ረቡዕ የሚያልቅብኝ ቀን ነው። ሰኞ ልምጣ?»

«ሰኞ ዝግ ነን።»

«በዓል ነው?»

«አይደለም።»

«ማክሰኞስ?»

«ዝግ ነን።»

«እሱ በዓል ነው?»

«እሱም አይደለም።»

«በዓል ካልሆነ ለምን ትዘጋላችሁ?»

ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። «እማማ፣ ብንከፍት ማን ይመጣል?»

«እኔ።»

«እርስዎ ቢመጡም እኔ አልኖርም።»

ሠላሳ ዓመት ከመስኮቱ ወዲያ ተቀምጬ ስንቱን ገበሬ «ነገ ና» ብዬ እንደ መለስኩ ያኔ ታወሰኝ። ከጉንደ ወይን በእግሩ የመጣ ነበረበት።

ዓርብ ጠዋት ለቄሱ ደወልኩ። የተሳሳትነውን ነገርኳቸው።

«ማክሰኞ ወደ ቶቤጎ ደሴት እሻገራለሁ» አሉ። «እዚያ ያሉት ምእመናን እየጠበቁኝ ነው። የምመለሰው ቅዳሜ ነው። እሑድ ቢሆንስ? በጥቂት ቀን ቢያልፍ እግዚአብሔር አይቆጣም።»

«እኔ ረቡዕ እሄዳለሁ።»

«ከቀኗ በፊት ደግሞ፣ ካልታመመች በቀር አላጠምቅም። ከታመመች ግን አሁኑኑ ይዛችኋት ኑ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ታማለች?»

ልጅቱ ጭኔ ላይ ናት። አፍንጫዋ ትንሽ ተዘግቶ ነበር። የሚፈለገው አንድ ቃል ነበር፤ በእንግሊዝኛም አጭር ነው። ታማለች ብል ደግሞ በገዛ አፌ ማሟረት መሰለኝ።

«አልታመመችም» አልኩ። «እንግዲያው ሰኞ መንገዱን ማለፍ ከቻላችሁ እጠብቃችኋለሁ» አሉ።

ስልኩን ስዘጋ ማስተዋል በር ላይ ቆማ ነበር። «እማዬ፣ እሑድ ይሁን በቃ። ባትኖሪም ቪዲዮውን እልክልሻለሁ።»

«ቪዲዮ አልፈልግም።»

«አንድ ሳምንት ምን ያመጣል? ጤነኛ ልጅ ናት። በጁቬ መሃል ጨቅላ ይዤ አልወጣም። እዚህ አገር እንደዚህ አይደረግም። ኬልቪን ባሕር ላይ ሆኖ ይህን ቢሰማ ምን ይለኛል?»

እሷ የምትለው ትክክል ነበር። የነገርኳት ለዚያ ነው።

«ካንቺ በፊት፣ ከወንድሞችሽም በፊት፣ አንዲት ነበረች» አልኳት። «ሰባ ስምንተኛ ቀኗ ዓርብ ነበር። ትኩሳት ያዛት። የአባትሽ እናት ቄስ ይጠራ አሉ። እኔ፣ እሑድ ሰማንያዋ ነው፣ ሁለት ቀን ምን አላት፣ ትደርሳለች አልኩ። ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ዐረፈች። ስላልተጠመቀች ከግንቡ ውጭ፣ ወይራዋ ሥር ተቀበረች።»

ማስተዋል አልጋው ላይ ተቀመጠች። «ስሟ ማን ነበር?»

«ከክርስትናው ጋር ልናወጣላት ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ስለ እሑድ አላነሣችም። መሄድ እንችላለን ግን አላለችም። ከሰዓት በኋላ ሚስ ሳቪ የማስተዋልን ያለቀሰ ዓይን አይታ ምን ሆናችኋል ብላ ጠየቀች፤ ማስተዋል ሁሉንም ነገረቻት። እኔ ለባዕድ አልነግርም ነበር።

ሚስ ሳቪ ዘወር ብላ አየችኝ። «ስንት ሰዓት መድረስ አለባችሁ?»

«ሲነጋ።»

«ሲነጋ ጁቬ መሃሉ ላይ ነው። ዙሪያውን አትሄዱም፤ በየማዕዘኑ ፖሊስ ይዘጋዋል። የሚታለፈው በመሃል ነው። አርባ ዓመት ወጥቼበታለሁ፤ እኔ አሳልፋችኋለሁ።»

«የራስሽ ጭፈራስ?» አለቻት ማስተዋል።

«እናንተን ደጅ አድርሼ እሄዳለሁ። ጭቃው ይጠብቀኛል፤ የትም አይሄድም።»

ሰኞ ከንጋቱ በፊት ወጣን። ልጅቱን በነጭ ጠቅልዬ፣ በላይዋ ነጠላዬን ደርቤ ያዝኳት። ማስተዋል ከጎኔ፣ ሚስ ሳቪ መሪው ላይ ናት፤ አሮጌ ቲሸርት ለብሳ፣ አንድ ትልቅ ነጭ ጃንጥላ ከእግሯ ሥር አስቀምጣለች። ዝናብ የለም። ለምን እንደያዘችው አልጠየቅሁም። ከሩቅ አንድ ነገር ይመታል፤ ከበሮ ነው ስል ደረቴ ውስጥም ይመታል።

ገመድ የተወጠረበት ቦታ ስንደርስ ፖሊስ አስቆመን።

«መኪና አያልፍም።»

«ሕፃን ይዘናል» አለች ሚስ ሳቪ። «ቤተ ክርስቲያን ነው የምንሄደው።»

ፖሊሱ ባትሪውን ወደ ኋላ አብርቶ አየን። «ዛሬ? ከቀን ሁሉ ዛሬ?»

«ዛሬ ሰማንያ ቀኗ ነው» አልኩት።

«ነገ ሰማንያ አንድ ቢሆናትስ፣ እማማ?»

«ነገስ ትከፍቱልናላችሁ?»

ባትሪውን አጠፋ። «ነገ የባሰ ነው» አለ። «መኪናውን እዚህ ተዉና በእግር ግቡ። እግዚአብሔር ይርዳችሁ።»

መንገዱ ውስጥ ስንገባ የማየው ሰው መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። ከእግር እስከ ራሱ በጭቃ የተለሰነ ሕዝብ፣ ነጩ ዓይኑ ብቻ። ሰማያዊ የተቀባ አለ፣ ጥላሸት የተቀባ አለ። መኪና ላይ የተጫነው ሙዚቃ መሬቱን ያንቀጠቅጠዋል። እንደ ማኅሌት የሚወዛወዝ ሰው አይደለም፤ እግሩን እየጎተተ፣ ተቃቅፎ፣ እንደ ጎርፍ ዝግ ብሎ የሚሄድ ነው። ልጅቱ እንዳትታፈን ነጠላውን ከፊቷ ገለጥኩ፤ ቀለም ይረጫል ብዬ መልሼ ሸፈንኩ። ገለጥኩ፣ ሸፈንኩ። ትተንፍስ አትተንፍስ በጣቴ ብቻ ነበር የማውቀው።

ሚስ ሳቪ ጃንጥላውን ዘርግታ በእኛ ላይ ያዘችው። ለቀለሙ መሆኑ ያኔ ገባኝ። «ሕፃን! ሕፃን አለ!» እያለች ትሄዳለች፤ ማን ይሰማታል? መሃል ላይ ስንደርስ ሕዝቡ ከኋላም ከፊትም ገጠመ። አንድ ሰው ማስተዋልን ገፋት። እጇ ከክንዴ ተላቀቀ። «እማዬ!» ስትል ሰማሁ፤ አላየኋትም። መቆም አልችልም፤ መሄድም አልችልም። ሰባ ስምንት ላይ የሠራሁትን በሰማንያ ደገምኩት ብዬ አሰብኩ።

አንድ ሰው ከፊቴ ቆመ። መላ አካሉ ሰማያዊ ነው፤ ራሱ ላይ የበሬ ቀንድ አስሯል፤ ከኋላው ጅራት ይጎተታል፤ እጁ ላይ መንሽ ይዟል። ጎንበስ ብሎ ነጠላውን አየ። የልጅቱ እግር ወጥቶ ነበር።

«እማማ፣ ይህ ሕፃን ነው?»

«ነው።»

«ወዴት ትሄጃለሽ?»

«ልትጠመቅ።»

ቀና አለና መንሹን አግድም ያዘው። በእንደዚያ ያለ ድምፅ ሲጮህ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ከኋላው ያሉት ሌሎች ባለ ቀንዶችም መንሾቻቸውን አጋደሙ፤ ጀርባቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው በሁለት ረድፍ ቆሙ። መሃሉ ተከፈተ። ማስተዋል ከወዲያ በኩል እያለቀሰች መጣች። በዚያ በተከፈተው ሄድን፤ እኔና ልጅቱ ከጃንጥላው ሥር፣ ሰይጣኖቹ በግራና በቀኝ። ሙዚቃው አልቆመም፤ ወደ እኛ ግን የደፈረ አልነበረም። ታቦት ሲያልፍ መንገድ እንደሚለቀቀው ነው። ይህን የምለው ለማነጻጸር አይደለም፤ ሌላ የማውቀው ምሳሌ የለኝም።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ያ ሰው መንሹን አስደግፎ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ለእኔም ጸልዪልኝ፣ እማማ» አለ። ስሙን ሳልጠይቀው ተመልሶ ሄደ። ሚስ ሳቪም አብራው ሄደች።

ቄሱ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ባለቤታቸው ክርስትና እናት ሆኑ። ወደ ምዕራብ ዞረው «እክሕደከ ሰይጣን» የሚባለው ቦታ ላይ ሲደርሱ፣ ነጠላዬ ጥለት ላይ የቀረውን ሰማያዊ ቀለም አየሁና ራሴን አቀረቀርኩ። በኋላ ለቄሱ ብነግራቸው ሳቁ። ልጅቱ ውኃው ሲነካት እሪ አለች። እንደዚያ ስታለቅስ ሰምቼ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። የጾም ቅዳሴ ስለሆነ ለቁርባኑ እስከ ቀትር ጠበቅን። ሚስ ሳቪ ልትወስደን ስትመጣ በጭቃ ተለስና ከጥርሷ በቀር የሚታይ ነገር አልነበራትም፤ አልገባም ብላ ከደጅ ቆማ «ተነሣች?» አለች።

ረቡዕ ጠዋት ቢሮው ሄድኩ። ያቺው ሴትዮ ነበረች። ግንባሯ ላይ በአመድ የመስቀል ምልክት ተደርጎባታል፤ የነሱ ጾም መግቢያ ነው። ድምፅዋ ተዘግቷል።

«ክርስትናው ደረሰ?»

«ደረሰ።»

«ታዲያ ጭማሪውን ለምን ፈለጉት?»

ጥያቄው ትክክል ነው። ወደ ኋላ ዞሬ ማስተዋልን አየኋት። ሥራ ልትመለስ አንድ ወር አልቀራትም። ልጅቱ ትከሻዋ ላይ ተኝታለች።

«ላርሳት» አልኩ፤ እንዴት እንደምተረጉመው ስለማላውቅ በአማርኛ ነው ያልኩት። ሴትዮዋ ምንም ሳትጠይቅ ማኅተሙን መታችው።

ሦስት ወር ሌላ ሦስት ወር አመጣ። በክረምቱ እኛ አገር ግጭት ተነሥቶ መንገዱ ተዘጋ። ተሻለ ራሱ «አሁን አትምጪ» አለኝ፤ ከዚያም ስልኩ ጠፋ፤ ሲመለስም መንገዱ አልተመለሰም። እንግዲህ እዚህ አለሁ። በመብራታቸው በዓል ለሚስ ሳቪ የሸክላ ኩራዝ ዘይት እሞላለሁ፤ በእኛ ፋሲካ እሷ ድፎ ዳቦ ትጠይቀኛለች። አዲስ ካላንደር በመጣ ቁጥር ያንን ሰኞ ፈልጌ በቀይ እስክሪብቶ የማከብበው እኔ ነኝ።

ያን ዕለት የደወልኩትን ስልክ ለመጨረሻ ያስቀረሁት፣ ባልጽፈው ይሻላል ወይ እያልኩ ስለነበር ነው። ከጥምቀቱ በኋላ፣ ቅዳሴው ሳይገባ፣ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ሆኜ ደወልኩ። ቢቸና ስምንት ሰዓት አልፏል። ተሻለ ወዲያው አነሣው።

«ቀኗ ሳያልፍ?» አለ፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«ሳያልፍ።»

ነፋስ ይሰማኛል።

«የት ነህ?»

«ወይራዋ ጋ ነኝ።»

ያቺን ቦታ አንዳችንም ለሌላችን ጠርተናት አናውቅም ነበር። አብሮኝ ይቆጥር እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ ምናልባትም ከመጀመሪያዋ ጀምሮ።

«ስሟን ማን አሏት?» አለ።

«ወለተ ሃይማኖት።»

ቀስ ብሎ ደገመው። ለእኔ የሚናገር አልመሰለኝም።

«ለሁለቱም ይበቃል» አለ።

ስልኩ የተቋረጠው እዚያ ላይ ነው። መስመሩ ይሁን እሱ ይዝጋው፣ ተገናኝተን ልጠይቀው ብዬ እስካሁን ይዤዋለሁ።